የውሻ ርቢ ገበያ፦ አትርፍ ባይ አጉዳይ

በሚሊዮን ዶላር ተሸጠ የተባለው የውሻ ዘር ከዓመት ገደማ በኋላ በ5 ዶላር ሒሳብ ለቄራ ተጭኖ ተገኘ

በምሥራቅ ቻይና በዜጂያንግ ክፍለ ሀገር በተካሄደ የቅንጦት የቤት እንስሳት ትርዒት ላይ አንድ ወርቃማ ፀጉር ያለው የዓመት ዕድሜ የቲቤት ማስቲፍ ውሻ በ12 ሚሊዮን ዩዋን መሸጡ እ.ኤ.አ. በማርች 2014 ተዘገበ። ገንዘቡ በወቅቱ ምንዛሪ 1.9 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። አብሮት የቀረበው ሌላ ቀይ ውሻ ደግሞ 6 ሚሊዮን ዩዋን ማውጣቱ ተነገረ። ገዢው ቤት እየሠሩ የሚሸጡ የቺንግዳዎ ከተማ ባለሀብት ሲሆኑ፣ ውሾቹን የገዙትም ራሳቸው ወደ ርቢው ሥራ ለመግባት አስበው እንደነበር ተገልጿል።

ከዓመት ገደማ በኋላ፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ፣ የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ቤጂንግ አካባቢ አንድ የጭነት መኪና አስቁመው ሲፈትሹ፣ በዶሮ ማጓጓዣ የብረት ሳጥን ውስጥ ተጨናንቀው የታሰሩ 20 ያህል የቲቤት ማስቲፎችን ከሌሎች ብዙ ውሾች ጋር አገኙ። ውሾቹ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ቄራ በመጓዝ ላይ ነበሩ። ቆዳቸው ለጓንት ገበር፣ ሥጋቸው ለምግብ ቤት የሚውል ሲሆን፣ የአንዱ ዋጋ 5 ዶላር ያህል ነበር።

ዘሩ ያው ነው፤ አገሩም ያው ነው። በሁለቱ ዋጋዎች መካከል ያለፈውም የአንድ ዓመት ገደማ ጊዜ ብቻ ነው። የውሻ ርቢ በየትኛውም አገር ቀላል ትርፍ የሚገኝበት ሥራ መስሎ ይታያል። አንዲት ሴት ውሻና የተዋሰው ወንድ ካለ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ስድስት ሰባት ቡችላ ለገበያ ይቀርባል ተብሎ ይታሰባል። የቻይናው ገበያ አነሳስና አወዳደቅ ይህ ስሌት የት ላይ እንደሚሳሳት በግልጽ ያሳያል።

ዋጋው እንዴት ወጣ?

የቲቤት ማስቲፍ በከፍተኛው የቲቤት አምባ የሚኖሩ አርብቶ አደሮች መንጋቸውንና ድንኳናቸውን፣ መነኮሳት ደግሞ ገዳማቸውን ሲያስጠብቁበት የኖረ ግዙፍ ውሻ ነው። ፀጉሩ ጥቅጥቅ ያለ፣ በአንገቱ ዙሪያም እንደ አንበሳ ጋማ የሚወርድ ነው። አርብቶ አደሩ ዘንድ ዋጋው የሚለካው ተኩላ በማባረር ችሎታው ነበር።

ከ2000ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን የቻይና አዳዲስ ባለጠጎች ማስቲፍን እንደ ውድ መኪናና እንደ ውድ ሰዓት የክብር መታያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ2009 የሺያን ከተማ ነዋሪ የሆኑ አንዲት ባለሀብት ከቺንግሃይ ክፍለ ሀገር አንድ ማስቲፍ በ4 ሚሊዮን ዩዋን ገዝተው ሲያስመጡ፣ ውሻው ከአውሮፕላን ሲወርድ የተቀበሉት 30 ጥቁር መርሰዲስ መኪናዎች ነበሩ። በ2011 ደግሞ በቺንግዳዎ ከተማ «ሆንግ ዶንግ» የተባለ የ11 ወር ቀይ ማስቲፍ ለአንድ የድንጋይ ከሰል ከበርቴ በ10 ሚሊዮን ዩዋን መሸጡ የዓለም ጋዜጦች ወሬ ሆነ። ውሻው ከ80 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝን ነበር። ከዶሮና ከበሬ ሥጋ ሌላ ውድ የባሕር ምግብ እየተመገበ ማደጉም ተጽፏል።

እንዲህ ያሉት ዜናዎች በወጡ ቁጥር ዋጋው ይበልጥ ይንር ነበር። ይሁን እንጂ በ2014ቱ ሽያጭ ማግሥት በዚያው በቻይና ጋዜጦች ላይ የጥርጣሬ ድምፅ ተሰምቷል። ሌሎች አርቢዎች ከፍተኛ የተባሉት ሽያጮች በአርቢዎች መካከል በሚደረግ ስምምነት ዋጋ ለማስወደድ የሚነዙ ሊሆኑ እንደሚችሉ ለጋዜጦቹ ተናግረዋል። አንዱ አርቢ ለሌላው «በዚህ ያህል ሸጥሁ» ካለ፣ የሁለቱም ጓሮ ውስጥ ያለው ውሻ ሁሉ በዚያው ዋጋ መገመት ይጀምራል። በድለላ ሥራ ላይ የቆየ ሰው ይህን ዘዴ በሌላ ዕቃም ላይ ሳያየው አይቀርም።

የመጨረሻው ገዢ ማን ነው?

የዚህን ገበያ ድካም ለማየት የሆንግ ዶንግን ሒሳብ መሥራት ይበቃል። ሻጩ በወቅቱ እንዳሉት፣ ገዢው ውሻውን ለሴት ውሾች በማስጠቃት ለአንድ ጊዜ እስከ 100 ሺህ ዩዋን ማስከፈል ይችል ነበር። እንግዲህ 10 ሚሊዮኑን ለማስመለስ 100 ጊዜ ማስጠቃት ያስፈልጋል ማለት ነው። የምግቡ፣ የጠባቂውና የሐኪሙ ወጪ ገና አልተነካም።

ለስሌት ያህል በአንድ ወሊድ ስድስት ቡችላ ይገኛል ቢባል፣ ከ100 ጥቂያ 600 ቡችላ ይወለዳል። ለ100 ሺህ ዩዋን የአባትነት ዋጋ የከፈለው ሰው ገንዘቡን የሚያገኘው እነዚህን ቡችሎች በውድ ዋጋ ሲሸጥ ብቻ ነው። በውድ የገዛውም ሰው በተራው ለማርባት ነው የሚገዛው። ከ600ዎቹ ግማሾቹ ሴት ቢሆኑና ከሁለት ዓመት በኋላ እያንዳንዳቸው ስድስት ቢወልዱ፣ በአንድ ዓመት ብቻ 1 ሺህ 800 ቡችላ ለገበያ ይወጣል። ይህ ሁሉ የአንድ ወንድ ውሻ ዘር ነው።

ታዲያ መጨረሻ ላይ ውሻውን ውሻ ስለሆነ ብቻ፣ ሊያሳድገውና ቤቱን ሊያስጠብቅበት የሚገዛው ማን ነው? ገበያው ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ ነበር የሰፋው። አርቢ ለአርቢ እየሸጠ ዋጋው ሲወጣ ሁሉም በወረቀት ባለጠጋ ሆነ። ላም አለኝ በሰማይ እንደሚባለው ነው። ዘጠና ኪሎ የሚመዝን፣ ያለ ሰፊ ግቢ የማይኖር፣ ለማያውቀው ሰው አደገኛ የሆነ እንስሳ በእርግጥ የሚፈልገው ቤተሰብ ቁጥሩ መጀመሪያም ጥቂት ነበር።

ጥራት በጎደለበት ገበያ

ዋጋው ከዘሩ በላይ ሲሮጥ ማስመሰል ተከተለ። ውሻው ይበልጥ እንዲገዝፍ ከሌሎች ትላልቅ ዘሮች ጋር እየተደባለቀ «ንጹሕ ደም» ተብሎ የሚሸጠው በዛ። በ2013 አንድ የቤጂንግ ማስቲፍ አርቢ ውሻው በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ሞተብኝ ብሎ ክሊኒኩን በ880 ሺህ ዩዋን ከሰሰ። ቀዶ ጥገናው የተፈለገው ለበሽታ አልነበረም። የውሻው የግንባር ቆዳ ስለተንጠለጠለ፣ ተጎትቶ ቢስተካከልና መልኩ ቢያምር የሴት ውሾች ባለቤቶች የበለጠ ይከፍላሉ በሚል ሐሳብ ነበር።

እዚህ ላይ የርቢው መሠረታዊ ኃላፊነት ተዘንግቷል። አባት ሆኖ የሚመረጥ ውሻ መልኩን፣ ጠባዩንና ጤናውን ለልጆቹ ያወርሳል ተብሎ ነው የሚመረጠው። በቢላዋ የተስተካከለ ግንባር ወደ ቡችሎቹ አይተላለፍም። ገዢው የሚከፍለው ግን ለዚያ ግንባር ነው።

ገበያው ሲቀዘቅዝ

የዋጋው መውደቅ አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረውም። ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ የቻይና መንግሥት በሙስና ላይ በከፈተው ዘመቻ ሀብትን በአደባባይ ማሳየትና ውድ ስጦታ መስጠት አስፈሪ ሆነ። ትላልቅ ከተሞች በመሐል ከተማ ግዙፍና አደገኛ የተባሉ ውሾችን ከልክለዋል። ለምሳሌ በቤጂንግ መሐል ከተማ ከ35 ሴንቲ ሜትር በላይ ቁመት ያለው ውሻ ማሳደግ አይፈቀድም። የዘሩ መደባለቅ የገዢውን እምነት አሳጣ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ዋጋው ጣሪያ ላይ በነበረበት ጊዜ የተጠቁት ውሾች ልጆች በአንድ ጊዜ ለገበያ ደረሱ።

በ2015 አንድ ተራ ማስቲፍ የሚጠየቅበት ዋጋ ወደ 2 ሺህ ዶላር ወረደ። በቲቤት ከነበሩት 95 አርቢዎች ግማሽ ያህሉ ከ2013 ወዲህ ከሥራ መውጣታቸውን የዚያው የአርቢዎች ማኅበር አስታወቀ።

የሌላ ዕቃ ነጋዴ ገበያ ሲቀዘቅዝ መጋዘኑን ዘግቶ ቀን ይጠብቃል። በሬ የሚያደልብ ሰው የፋሲካ ገበያ ቢያመልጠው እንኳ ሥጋ ቤት ይረከበዋል፤ ዋጋው ከሥጋው ዋጋ በታች አይወርድም። ውሻ ሁለቱም የለውም። ባይሸጥም በየቀኑ ይበላል፤ ባይሸጥም ይከተባል፤ ባይሸጥም ይራባል። በቻይናው ገበያ የተገኘው የመጨረሻ የዋጋ ወለል የጓንት ገበር ነበር።

ወደ ቄራ ያልተጫኑት ብዙዎቹ በየሜዳው ተለቀቁ። በቺንግሃይና በአጎራባች የቲቤት አምባ አካባቢዎች ባለቤት አልባ የውሻ መንጋ ከባድ ችግር ሆነ። ውሾቹ በግና የያክ ጥጃ ይገድላሉ፤ ሰውም ይነክሳሉ። የዱር አራዊት ተመራማሪዎች ባለቤት አልባ ውሾች የበረዶ ነብርን ከገደለው ግዳይ ላይ ሲያባርሩ የሚያሳይ ምስል ቀርጸዋል። ኢኪኖኮከስ የተባለውና በሰው ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ እብጠት የሚፈጥረው የውሻ ትል ቀድሞውንም በአምባው የተስፋፋ ስለነበር፣ የውሾቹ መብዛት የጤና ሥጋት ጨመረ። ገዳማትና በጎ ፈቃደኞች መጠለያ ቢሠሩም ወጪው ከአቅማቸው በላይ ሆኖባቸዋል። ትርፉን አርቢና ደላላ ወስደውት ነበር፤ ኪሳራው ግን ውሻ ገዝቶ በማያውቅ እረኛ ላይ አረፈ።

ማሕፀን እንደ ፋብሪካ አይታዘዝም

የማስቲፉ ታሪክ ከዋጋው በተጨማሪ የተፈጥሮን ገደብ ያስታውሳል። አብዛኞቹ ሴት ውሾች ወንድ የሚፈልጉት በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። የቲቤት ማስቲፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትፈልገው። እርግዝናው 63 ቀን አካባቢ ይወስዳል፤ ቡችላው ከእናቱ ለመለየት ቢያንስ 8 ሳምንት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከጥቂያ እስከ ሽያጭ ከአራት ወር ያላነሰ ጊዜ ያልፋል። ለማርባት የምትቀመጥ ሴት ቡችላ ደግሞ ለዚያ እስክትበቃ ሁለት ዓመት ገደማ ትጠበቃለች። ዛሬ ባለው ዋጋ የሚወስን አርቢ የሚሸጠው በማያውቀው ገበያ ነው።

በዚህ መካከል የሚያጋጥመው አደጋም ቀላል አይደለም። ምጥ ከተራዘመ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል። እንደ ኢንግሊሽ ቡልዶግና ፍሬንች ቡልዶግ ያሉ ጭንቅላታቸው ትልቅ፣ ዳሌያቸው ጠባብ የሆኑ ዘሮች በብሪታንያ በተደረገ ጥናት ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት ወሊዶቻቸው በቀዶ ጥገና የተከናወኑ ናቸው። ከወለደች በኋላ ብዙ ቡችላ የምታጠባ እናት ካልሲየም ከደሟ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ትንቀጠቀጣለች፤ ፈጥኖ ሐኪም ካልደረሰላት ትሞታለች። እናቲቱ ከሞተች ወይም ወተት ከከለከለች ቡችሎቹን ሌሊትና ቀን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ በጡጦ ማጥባት የአርቢው ሥራ ይሆናል። አዲስ የተወለደ ቡችላ የራሱን ሙቀት መጠበቅ ስለማይችል፣ የሚተኛበት ስፍራ በመጀመሪያዎቹ ቀናት 30 ዲግሪ አካባቢ መሞቅ አለበት።

በሽታውም አለ። እ.ኤ.አ. በ1978 የታወቀው ፓርቮ ቫይረስ ደም የቀላቀለ ተቅማጥና ትውከት እያስከተለ ያልተከተቡ ቡችሎችን ይፈጃል። ቫይረሱ በግቢ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ አንድ ጊዜ የገባበት ግቢ የሚቀጥለውን ወሊድም ያሰጋዋል። ለዚህ የሚሰጠው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ እስከ 16ኛው ሳምንት ድረስ በየጥቂት ሳምንቱ የሚደጋገም ነው። አንድ መርፌ አይበቃም። ብሩሴላ ኬኒስ የተባለው ተሕዋስ ደግሞ በጥቂያ ይተላለፋል፤ የከበደች ውሻን ያስወርዳል፤ ወንዱን ያመክናል። አስተማማኝ ፈውስ የሌለው ሲሆን ሰውንም ሊይዝ ይችላል። ወንዱን ከማያውቁት ሰው ተውሶ ማስጠቃት ሁለቱም ውሾች ካልተመረመሩ በስተቀር የርቢውን ሀብት በሙሉ አስይዞ እንደ መጫወት ነው።

በደም የሚተላለፍ ዕዳ

ገዢ ቡችላ ሲመርጥ ዓይኑን፣ ፀጉሩንና ጆሮውን ይመለከታል። በደሙ ያለውን ማየት አይችልም። አርቢው ግን የማወቅ ግዴታ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ በቲቤት ማስቲፍ ላይ አንድ የነርቭ በሽታ ተገኘ። ቡችሎቹ ጤነኛ ሆነው ይወለዳሉ። ከ7 እስከ 10 ሳምንት ባለው ጊዜ ግን የኋላ እግራቸው ይደክማል፤ ቀጥሎም መቆም ያቅታቸዋል። በሽታው የሚገለጥበት ዕድሜ ቡችላ ከሚሸጥበት ዕድሜ ጋር ይገጥማል። ሻጭ ገንዘቡን በተቀበለ በሳምንቱ ገዢው ሽባ ቡችላ ታቅፎ ሊመለስ ይችላል ማለት ነው።

የዚህ ዓይነቱ በሽታ አካሄድ በስሌት የታወቀ ነው። እናትና አባት በመልክ ጤነኞች ሆነው ሁለቱም የበሽታውን ዘረመል አንድ አንድ ቅጂ ቢሸከሙ፣ በአማካይ ከልጆቻቸው 25 በመቶው ይታመማሉ፤ 50 በመቶው ራሳቸው ሳይታመሙ ተሸካሚ ይሆናሉ፤ ነጻ የሚሆኑት 25 በመቶው ብቻ ናቸው። ወንድምና እህት፣ ወይም አባትና ልጅ ሲጠቁ ሁለቱም ያንኑ ጉድለት የመሸከማቸው ዕድል ይጨምራል። አንድን ዝነኛ ወንድ ለመቶዎች የማስጠቃት ልማድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሁለት ትውልድ በኋላ ዘመድ ያልሆነ የትዳር ጓደኛ ማግኘት ያስቸግራል።

ለጥበቃ በሰፊው የሚፈለገው የጀርመን ሼፐርድም የራሱ ዕዳ አለበት። የዳሌው አጥንት ከማቀፊያው በሚገባ የማይገጥምበት ሕመም በዘር የሚተላለፍ ሲሆን፣ በቡችላነት ዕድሜ ላይታይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ የተቋቋመው የእንስሳት አጥንት ሕክምና ድርጅት ለዳሌ ጤንነት የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚሰጠው ውሻው 24 ወር ከሞላው በኋላ በሚነሣ ራጅ ነው። ጠንቃቃ አርቢ ከዚያ በፊት አያስጠቃም። በመጀመሪያው ዓመት ወንድ በፈለገች ጊዜ የሚያስጠቃት ግን የማያውቀውን ጉድለት ለስድስት ቤተሰብ ያከፋፍላል።

ሕግ ሲገባበት

አንዳንድ አገሮች ይህን ለአርቢው ሕሊና ብቻ መተው አልፈለጉም። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ደንብ መሠረት በ12 ወር ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ወሊድ ቡችላ አርብቶ የሚሸጥ ሰው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሴቷ ከ12 ወር ዕድሜ በፊት አትጠቃም፤ በዕድሜዋ ከስድስት ጊዜ በላይ፣ በ12 ወር ውስጥም ከአንድ ጊዜ በላይ እንድትወልድ አይፈቀድም። ቡችላው ከ8 ሳምንት በፊት አይሸጥም። ከአፕሪል 6 ቀን 2020 ጀምሮ ደግሞ ከስድስት ወር በታች የሆነ ቡችላ ራሱ ያላረባው ነጋዴ እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ገዢው ቡችላውን ከእናቱ ጋር አይቶ ከአርቢው በቀጥታ ይገዛል። በዚህ ሕግ ዋነኛ ተጎጂ የሆነው ከገጠር የቡችላ ማምረቻ ሰብስቦ ከተማ የሚያከፋፍለው ደላላ ነው።

ኖርዌይ ከዚህም አልፋ ሄዳለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 የኦስሎ ፍርድ ቤት በዘር ሕመም የሚሠቃዩትን ኢንግሊሽ ቡልዶግና ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ ስፓንየል ማርባት የእንስሳት ደኅንነት ሕጉን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ጉዳዩ በይግባኝ ተጉዞ በ2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካቫሊየሩ ላይ የተላለፈውን ውሳኔ አጸና። ፍርዱ ለአርቢ የሚያስተላልፈው መልእክት ግልጽ ነው፦ ገዢ ስላለ ብቻ ማርባት አይቻልም።

አዲስ አበባስ?

የአዲስ አበባ የውሻ ገበያ ከቻይናው ጋር በመጠን የሚወዳደር አይደለም። እዚህ ውሻ በዋናነት የሚፈለገው ለግቢ ጥበቃ ነው። «የፈረንጅ ውሻ» ከሚባሉት መካከል ጀርመን ሼፐርድ ፈላጊው ብዙ ሲሆን፣ ክልሱም «ንጹሕ ነው» እየተባለ ይሸጣል። ቡችላ በካርቶን ተይዞ በመንገድ ዳር፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም በስልክ መተግበሪያ ይሸጣል። ገዢው እናቲቱን የማየት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ይሁንና ከላይ የተነሣው ጥያቄ እዚህም ይሠራል፦ የመጨረሻው ገዢ ማን ነው? ጠባቂ ፈላጊው ግቢ ያለው ሰው ነው። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ቤተሰብ ግቢ የለውም፤ ጎረቤትም ጩኸቱን አይታገሥም። ግቢ ያለውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ወንድ ቡችላ ነው። ከስድስት ቡችላ ሦስቱ ሴት ቢሆኑ አርቢው በእርግጥ የሚሸጠው ሦስት ነው። ሴቶቹ በርካሽ ወይም በነጻ ይሰጣሉ፤ ያ ካልሆነም ጨለማን ተገን አድርገው ሠፈር ዳር ይጣላሉ። ከወራት በኋላ እነርሱም በየመንገዱ ይወልዳሉ።

የዚህ ውጤት ከእብድ ውሻ በሽታ ጋር ሲገናኝ ከባድ ነው። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የሚተላለፍ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በብርቱ ከሚጠቁት አገሮች አንዷ ነች። ምልክቱ አንዴ ከታየ ሞት የማይቀር ነው ማለት ይቻላል። የበሽታው ክትባት ለቡችላ የሚሰጠው በተለምዶ ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ስለዚህ በስምንት ሳምንቱ የተሸጠ ቡችላ ይህን ክትባት አልወሰደም። ሻጭ «ተከትቧል» ሲል የትኛውን ክትባት፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው ሐኪም እንደወሰደ በጽሑፍ ካልሰጠ፣ ገዢው ከአደገኛው በሽታ የተጠበቀ መስሎት ልጆቹን ያጫውተዋል።

በሕግ በኩልም ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። እንስሳው በአጋጣሚ ከቁጥጥሩ ያመለጠ ቢሆን፣ ጉዳቱም አስቀድሞ የማይገመት ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አያድነውም። ዐሥር ውሻ በግቢው ያሰረ አርቢ እንግዲህ ዐሥር የካሳ ክስ ሊያመጡ የሚችሉ ጥርሶችን ነው ያሰረው። ያልተሸጠ ውሻ ቁጥር በጨመረ መጠን የምግብ ወጪው ብቻ ሳይሆን ይህም ሥጋት ያድጋል።

ከማስጠቃት በፊት

በአውሮፓና በአሜሪካ ስማቸውን ያስከበሩ አርቢዎች አሠራራቸው ለነጋዴ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያ ገዢ ያዘጋጃሉ፤ ስም ይመዘግባሉ፤ ቀብድ ይቀበላሉ። ውሻዋን የሚያስጠቁት ከዚያ በኋላ ነው። የሁለቱንም ወላጆች የምርመራ ወረቀት ለገዢ ያሳያሉ። ብዙዎቹ በሽያጭ ውላቸው ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባሉ፦ ገዢው በማናቸውም ጊዜ፣ በማናቸውም ምክንያት ውሻውን ማኖር ካቃተው ለሌላ ሳይሰጥ ለአርቢው ይመልሳል፤ አርቢውም ይቀበላል።

ይህ አንቀጽ የበጎ አድራጎት ይመስላል። በሥራ ላይ ሲውል ግን የርቢውን መጠን የሚወስን መለኪያ ነው። ዐሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የሚኖር እንስሳ ወደ ግቢው ሊመለስበት እንደሚችል የሚያውቅ ሰው፣ ሊቀበል ከሚችለው ቁጥር በላይ አያረባም። ለቡችሎቹ የሚሆን ቤትም እየመረጠ ይሸጣል። በቻይናው ገበያ በ12 ሚሊዮን ዩዋን ተሸጠ በተባለው ውሻ ዙሪያ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ ልጆቹ ገዢ ቢያጡ ማን እንደሚረከባቸው ግን የጠየቀ ገዢም ሻጭም አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ጀርመን ሼፐርድ ይዞ ወደ ሥራው ለመግባት የሚያስብ ሰውም ከወንዱ ዋጋ በፊት ይህን ጥያቄ ቢመልስ ይበጀዋል። ቀብድ የከፈሉ ስድስት ሰዎች ከሌሉት ሴቷን ለዚህ ጊዜ ከወንድ ለይቶ ማቆየት ከሁሉም የሚረክስ ውሳኔ ነው።